የማይተኛው ማግኔት

ትናንት ሕልም አየሁ። በጎ ያድርገው በሉኝ እንጂ ልጆቼ፤ እንዲያው ዝም ብላችሁ አትዩኝ። የሌሊት ሕልም አይደለም። ረፋድ ላይ፣ ሰው ሁሉ ዐይኑን ገልጦ በሚሄድበት ሰዓት፣ አንድ የምርመራ ቤት ኮሪደር ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ያየሁት ነው። የቀን ሕልም አይይዝም ይላሉ። እኔን ግን ያዘኝ፤ እንዴት አድርጎ እንደያዘኝም ትሰማላችሁ።

አስቀድሜ እዚያ ምን እንዳስቀመጠኝ ልንገራችሁ። ባለቤቴን አንጓችን ወገቧን ካመማት ዓመት አለፈ። ጎንበስ ካለች ቀና ማለት፣ ቀና ካለች ጎንበስ ማለት አቃታት። ሐኪሙ «ኤም አር አይ ትነሣ» ብሎ ጻፈልን። በማግኔት የሰውን ውስጥ የሚያይ ማሽን ነው። ተራ ስንጠብቅ ሰባት ወር ሄደ። ትናንት ደረሰን።

እኔ እንግዲህ የማግኔት ሰው ነኝ። ደሴ፣ ከሰኞ ገበያ ወረድ ብሎ ባለች ጠባብ ሱቅ ስፒከር ስጠግን አርባ ሦስት ዓመቴ። የመስጊዱም፣ የቤተ ክርስቲያኑም፣ የሰርግ ቤቱም ስፒከር እኔ እጅ ያልገባ የለም። ስሠራ ብሎኖቹን በከንፈሬ ነው የምይዝ፤ እጄ ሁለት ብቻ ስለሆነ። አንጓች በዚህ ትቆጣኛለች። «ይሄ ሰውዬ አንድ ቀን ብሎን ውጦ ዝም ይላል፤ እኔ አኩርፎ ነው እያልሁ ስለምነው እኖራለሁ» ትላለች። የሥራ ካፖርቴንም ከላዬ አላወልቅም። ኪሱ ውስጥ ካቻቢቴ አለ፣ ፒንሳ አለ፣ እፍኝ ብሎን አለ፤ ከሞተ ኮምፒውተር ሆድ ያወጣኋቸው ጥፍር የሚያካክሉ ሁለት ማግኔቶችም አሉ። ጥፍር ቢያካክሉም ጣት መሃላቸው ከገባ ያስለቅሳሉ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቄ የሚመጣ ኢንጂነር ሰይፈዲን የሚባል ጡረተኛ ወዳጅ አለኝ። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍሁም፤ እሱ ያነበበውን ሳይነግረኝ ወደ ቤቱ አይሄድም። የእነዚያን ትንንሽ ማግኔቶች ውስጥ የነገረኝ እሱ ነው።

«አበጋዝ፣ ይኼ ተራ ብረት እንዳይመስልህ። ሁለት እጅ ኒዮዲሚየም፣ ዐሥራ አራት እጅ ብረት፣ አንድ እጅ ቦሮን ነው። ጉልበቱ የብረቱ ነው። ፊቱን ወዲያና ወዲህ እንዳያዞር የሚያስገድደው ኒዮዲሚየሙ ነው። ቦሮኗ ደግሞ ትንሽ ናት፤ ግን ሁሉንም በየቦታው የምታስቀምጠው እሷ ናት።»

አሠራሩንም ያወቁበት ሰዎች ፓተንት፣ ማለት የባለቤትነት ወረቀት፣ አውጥተውበት ስንት ዘመን ሌላው ሳያስፈቅድ እንዳይሠራው ከልክለው ኖሩ አለኝ። የአንጓችን ማሽን ነገር ስነግረው ደግሞ ሳቅ አለ። «የዚያን ቤቱን አውቀዋለሁ፤ ሲገጠም ቆሜ አይቻለሁ። የወፍጮ ድንጋይ የሚያካክሉ ሁለት ቋሚ ማግኔቶች ናቸው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። መብራት ኖረ አልኖረ ግድ የላቸውም። አይተኙም።»

እንግዲህ ትናንት ገባን። አስተናጋጇ ልጅ የሚሞላ ወረቀት ሰጠችን። አንጓች መነጽሯን ቤት ረስታለች፤ እኔ ሞላሁላት። የልብ ባትሪ አለ? የለም። እርጉዝ ነዎት? አንጓች እዚህ ላይ ወገቧን ይዛ ሳቀች። «አዎ በልላቸው፤ እስቲ ማሽኑም ይደንግጥ» አለችኝ። በሰውነትዎ ውስጥ ብረት አለ? እየሳቅሁ «የለም» ላይ ምልክት አደረግሁ። እንዲያው እየሳቅሁ።

እሷ ጋውን ልትለብስ ገባች። ነጠላዋን፣ ጫማዋንና የጆሮ ጌጧን እኔ ጎን አስቀመጠች። ሌሊቱን ስትቃትት አብሬያት ስነቃ ነበር ያደርሁት። ግድግዳውን ተደግፌ ዐይኔን ከደን አደረግሁ።

መጀመሪያ የተነሣው አግዳሚ ወንበሩ ነው። እግሮቹ ብረት ናቸው፤ አራቱንም አፍታታና እኔን እንደተሸከመ እንደ በቅሎ ሶምሶማ እያለ ከኮሪደሩ ወጣ።

«ወዴት ነው?» አልሁት።

«ተጠርተሃል» አለኝ። ድምፁ የዘበኛ ድምፅ ነው።

ከተማው ደሴ ነው፤ ግን የተገለበጠ ደሴ። ጦሳ ተራራ ጫፉን ወደ ታች አድርጎ ከሰማይ ተንጠልጥሏል። ጉሙ እንደ ወተት መንገዱ ላይ ፈስሷል። ወዳጅ ከወዳጁ ሲገናኝ፣ ገና እጁን ሲዘረጋ፣ የማይታይ ነገር ደረቱን እየገፋ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። የተጣሉት ግን አይላቀቁም። ሁለት በድንበር የሚካሰሱ ሰዎች ግንባር ለግንባር ተጣብቀው መንገዱ ዳር ቆመዋል።

«ልቀቀኝ!»

«አንተ ልቀቀኝ! ዐሥር ዓመት ሙሉ መች ለቀቅኸኝና!»

አፋቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ቃሉም ይገባኛል፤ ድምፅ ግን የለም። በዚያ ከተማ ድምፅ አይወጣም፤ ይገባል። ለምን እንደሆነ ሱቄ ጋ ስንደርስ አየሁ። ስፒከሮቼ በርጩማ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ግድግዳው ላይ ደግሞ ሰው ነው የተሰቀለው፤ ተራ በተራ፣ ደረት ደረቱ ላይ ቁጥር ተለጥፎበት። አንድ ትልቅ የሰርግ ስፒከር ከተሰቀሉት የአንዱን ሽማግሌ ደረት በጣቱ ኳ ኳ አደረገና ተጠጋው።

«ይሄኛው አይናገርም» አለ።

«ውስጡ የሚል ነገር አለ?» አለ ሌላው።

«አለው። አይወጣለትም።»

ሽማግሌው ቁልቁል አየኝ። ከንፈሩ መሃል አምስት ስድስት ብሎኖች ይዟል። ቅንድቡን አነሣ፤ የሆነ ነገር ሊነግረኝ ፈልጎ ነበር። ወንበሩ ግን አልቆመልኝም።

አንድ ሰፊ ደጃፍ ደረስን። ሰሌዳው ላይ «የመሳብ ባለቤትነት ጽሕፈት ቤት» ይላል። ከበሩ ጀምሮ ረጅም ሰልፍ አለ፤ የተሰለፉት ግን ሠራተኞቹ ናቸው። ከረባት ያሰሩ፣ ማኅተም በእጃቸው የያዙ፣ ፋይል በብብታቸው የወተፉ። ሰልፉ ግቢውን ዞሮ፣ ግድግዳውን ወጥቶ፣ ጣሪያው ላይ ተዘቅዝቆ ይመጣል። የጫማቸው ሶል ተጣብቆ ነው መሰል አንዳቸውም አይወድቁም። ወንበሩ ከመስኮቱ ኋላ ወስዶ አስቀመጠኝ።

«ጌታዬ፣ ከማለዳ ጀምሮ ቆመናል» አለኝ የመጀመሪያው ጸሐፊ። ላብ ወደ ላይ ይፈስበታል። «እባክዎ አንዴ ያስተናግዱን። ቤተሰብ አለን።»

«እኔ ምን ላድርግላችሁ ወንድሜ?»

«ባለጉዳይ ይሁኑልን እንጂ! ባለጉዳይ ከሌለ ማንን እናመላልሳለን?»

«ነገ ተመለሱ» አልሁት። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ።

ሰልፉ በሙሉ አጨበጨበ። «ነገ አለን! ነገ አለን!» እየተባባሉ ተሳሳሙ። ጸሐፊው በደስታ እያለቀሰ አንድ ደብዳቤ በመስኮቱ አቀበለኝ። እንዲህ ይላል፤ «ለአቶ አበጋዝ። ወደ ወይዘሮ አንጓች የመሳብ መብትዎ ጊዜው ያለፈ መሆኑን እየገለጽን፣ መርማሪው ዘንድ ቀርበው እንዲያስረክቡ እናሳስባለን።»

«ምኑን ነው የማስረክበው?» ብዬ ቀና ስል ጸሐፊውም፣ ሰልፉም፣ መስኮቱም የሉም። ረጅም ኮሪደር ውስጥ በእግሬ ቆሜያለሁ። ነፋስ የለም፤ ልብሴ ግን ወደ አንድ ወገን ይነፍሳል። ወደዚያው ሄድሁ።

መርማሪው ካፖርት ነው። ሰው የለበትም። ግራጫ ካፖርት፣ ጀርባው ግድግዳው ላይ እንደተለጠፈ፣ እጅጌዎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። ካፖርቱን የማውቀው ይመስለኛል፤ የት እንዳየሁት ግን አልመጣልህ አለኝ። ንግግሩ ከአንገትጌው ውስጥ ይመጣል፤ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ድምፅ።

«ቋሚ ነህ ኮንትራት?» አለኝ።

«ሰው ነኝ» አልሁት።

«ኮንትራት» ብሎ ጻፈ። «ትዳራችሁ ከምን ከምን ተሠራ? መጠኑን በእጅ በእጁ ተናገር።»

እንዲህ ያለ ጥያቄ በውኔ ቢጠይቁኝ አፌን እይዝ ነበር። በሕልም ግን ሰው ምላስ አያጣም። «ዐሥራ አራት እጅ ሥራ» አልሁት። «ሁለት እጅ እልህ፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የእሷ። አንድ እጅ ሳቅ።»

«ሳቁ የማን ነው?»

«የእሷ።»

«እሱ ከመሃል ቢወጣስ?»

ካፖርቱ መልሴን ሳይጠብቅ ቀስ ብሎ አንዱን እጅጌ አነሣና መስኮቱን አሳየኝ።

ግቢው ውስጥ ዐሥራ ሰባት ሰዎች በርጩማ በርጩማቸውን ይዘዋል። ዐሥራ አራቱ ዝገት የመሰለ ቡልኮ የለበሱ ጎልማሶች ናቸው፤ ሁለቱ እንደ ኒኬል የሚያብረቀርቅ ካባ ደርበዋል። አንዲት ትንሽዬ አሮጊት በመካከላቸው እየዞረች የአንዱን በርጩማ ጠጋ፣ የሌላውን ፈቀቅ ታደርጋለች። ስትጨርስ እሷም ተቀመጠች። ወዲያው ዐሥራ ሰባቱም ራሶች በአንድ ጊዜ ወደ አንድ በር ዞሩ። ትንኝ ፊታቸው ላይ ታርፋለች፤ ዐይናቸውን አያርገበግቡም።

«ምንድን ነው የሚያዩት?» አልሁ።

«ምንም» አለ ካፖርቱ። «ሌላ ወዴት እንደሚታይ ረስተው ነው።»

ከኋላው እስከ ጣሪያ ፋይል ተደርድሯል። ዘወር ብሎ አንድ ባንድ ነካካቸው። «ይሄ ስልክ ኪስ ውስጥ የሚያንቀጠቅጠው ነው። ይሄ በኤሌክትሪክ የሚሄደው መኪና ሞተር። ይሄ የነፋስ መዘውር። ይሄ ጆሮ ውስጥ ገብቶ የሚዘፍነው። ሁሉም የመሳብ ልጆች ናቸው፤ ሁሉም ወረቀት አላቸው።» ፋይሎቹ ሲነካቸው ይተነፍሳሉ፤ ሆዳቸው ከፍ ዝቅ ይላል። ከመካከላቸው አንዲት ቀጭን መዘዘ። አሪቲ አሪቲ ትሸታለች። የሰርጋችን ለት አንጓች ጉንጉኗ ውስጥ የሻጠችው አሪቲ ነው፤ ወዲያው አወቅሁት።

«ያንተ ይኸውልህ። መብቱ የተሰጠህ ለሃያ ዓመት ነበር። አርባ አንድ ዓመት ስበሃል። ሃያ አንዱን በሰው ንብረት።»

«ሚስቴ እኮ ናት!»

«ነበረች። ወረቀቱ ካለቀ የቀረባት ሁሉ ይስባታል። ዛሬ የቀረባት ደግሞ ታላቁ ነው።»

«ታላቁ ማን ነው?»

ዐሥራ ሰባቱ ከሚያዩት በር ኋላ መልስ መጣ። ዱም። ዱም። ዱም። ባዶ በርሜል በጡጫ እንደ መምታት። በዚያ ድምፅ በሌለበት ከተማ እንዲህ ጎልቶ የተሰማኝ ይሄ ብቻ ነው።

«የማይተኛው» አለ ካፖርቱ፤ እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ደንቡ ቀላል ነው። ብረት ያለበት ቤቱ ይመለሳል። ብረት የሌለበት ይገባል። አንተ ምን ብለህ ጻፍህ?»

ወረቀቱን አወጣ። የራሴ ጽሕፈት ነው። «የለም» ላይ ያደረግኋት ምልክት እንደ ትኩስ ቁስል ቀልታ ታበራለች።

ያኔ አንጓችን አየኋት። ከኮሪደሩ ማዶ፣ ሰማያዊ ጋውን ለብሳ፣ ባዶ እግሯን። አትራመድም ልጆቼ። እግሮቿ ገጥመው እንደ ቆሙ፣ ወለሉ ላይ እየተንሸራተተች ወደ በሩ ትሄዳለች። ፊቷ የተኛ ሰው ፊት ነው። ራሷ ላይ ሻሽ የለም፤ አንገቷ ላይ ያለው ንቅሳት፣ እነዚያ እርስ በርሳቸው የተደረደሩ ሦስት ቀለበቶች፣ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ዝም ብለው ይዞራሉ። ከሦስተኛው ቀለበት ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ቆዳውን ከውስጥ ገፍታ ብድግ አለች። ጫፏን ወደ በሩ ቀሰረች።

መርፌዋ! አርባ ዓመት የረሳኋት መርፌ!

በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት ነው። ጎረምሳ ነኝ፤ ሥራዬን ላሳያት ብዬ የትልቅ ስፒከር ማግኔት ይዤ ቤት ገባሁ፤ ማንኪያውን አነሣሁበት፣ ምስማሩን አነሣሁበት፤ ቀጥዬ በጨዋታ ወደ አንገቷ አስጠጋሁት። «ውይ! ተንቀሳቀሰች!» ብላ ብድግ አለች። ማን አልኋት። ያኔ ነገረችኝ። በልጅነቷ አንገቷን የነቀሷት አክስቷ እትዬ ትርንጎ ናቸው። ሦስተኛው ቀለበት ላይ የመርፌዋ ጫፍ ተሰብራ ውስጥ ቀረች። እትዬ ትርንጎ «ሥጋ ይበላታል፤ ለእናትሽ አትንገሪ፤ ከዛሬ ወዲያ የሚነቀስልኝ አጣለሁ» አሏት። ልጅቱ ለእናቷ አልነገረችም። እኔም ለማንም አልነገርሁም። እንዲህ እያልን ለራሳችንም መንገር ተውን። ነቃሿም ሞቱ፣ እናትየዋም ሞቱ፤ መርፌዋ ብቻ ሳትሞት እዚያው ተኝታ ነበር።

«አለባት!» ልል አፌን ከፈትሁ። አፌ በብሎን ተሞልቷል።

ተፋሁ። አንድ ብሎን ስተፋ ሁለት ይተካል። ሁለት ስተፋ አራት። ምላሴ ሥር ቀዝቃዛ ናቸው፤ የዝገት ጣዕም አላቸው። በጣቴ ልቆፍር ስል ጣቴ ላይ ተለጠፉ።

«ብረት አለባት ወይስ የለባትም?» አለ ካፖርቱ። «አልሰማሁህም።»

በእጄ አንገቴን አሳየሁት፤ ወደ እሷ ጠቆምሁ፤ ጉልበቱ ሥር ወደቅሁ። ጉልበት የለውም።

«በጽሑፍ የለም ብለሃል። ጽሑፍ አይሳሳትም። ሰው ነው የሚሳሳት፤ ለዚህ ነው ሰው ቋሚ የማይሆነው።»

ትቼው ወደ አንጓች ሮጥሁ። ስሮጥ ራቀች። ያ ደረት የሚገፋው ነገር መጣብኝ፤ አንድ እርምጃ ወደ እሷ ስል ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ። ወዳጅ ወደ ወዳጁ በማይደርስበት አገር መሆኔን ረስቻለሁ። ዱም። ዱም። በሩ ገርበብ አለ። ውስጡ ጨለማም አይደለም፣ ብርሃንም አይደለም። ዐሥራ ሰባቱ ከበርጩማቸው ተነሡ።

ያን ጊዜ አንድ ነገር አሰብሁ። ይሄ አገር ግልባጭ ከሆነ፣ እንደ አገሩ ልሁንለት። ልቤ እንቢ እያለ ጀርባዬን ሰጠኋት። ፊቴን አዙሬ፣ ጥያት እንደሚሄድ ባል፣ ወደ ሌላ አቅጣጫ መራመድ ጀመርሁ። አንድ እርምጃ። ሁለት። እያንዳንዷ እርምጃ ከሥጋዬ የምትገነጠል ያህል ነበር። ሦስት። ማጅራቴ ላይ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ተሰማኝ። ትንፋሿን አውቀዋለሁ። ልዙር አልሁ፤ ከዞርሁ ትርቃለች። አልዞርሁም።

«አበጋዜ» አለችኝ በጆሮዬ። እንደ ተቀየመች ሳይሆን፣ እንደ ሕፃን፣ ግራ ገብቷት። «እያወቅህ ለምን ዝም አልህ?»

ጮኽሁ። ብሎኖቹ ከአፌ እንደ በረዶ ረገፉ፤ በእነሱ ጩኸት ነቃሁ።

ጨለማ ነው። መብራት ጠፍቷል። የካፖርቴ ኪስ ተገልብጦ ኖሮ ብሎኖቼ ከወንበሩ ሥር ተበትነው ይንከባለላሉ። ጎኔ ነጠላዋ አለ፣ ጫማዋ አለ፣ የጆሮ ጌጧ አለ። እሷ የለችም። ከኮሪደሩ ጫፍ የአስተናጋጇ ድምፅ ይሰማል፤ ደግ ልጅ ናት፣ ከልቧ ነው።

«ባለሙያው ጀነሬተር ሊያስነሣ ወርዷል እማማ። እስከዚያ በባዶ እግርዎ ሲሚንቶ ላይ አይቁሙ፣ ወገብዎን ያምዎታል። እዚያ አልጋው ላይ ጋደም ይበሉ፤ መብራት ስለሌለ ማሽኑ ጠፍቷል፣ ምንም አይልዎትም።»

ታች ጀነሬተሩ ሊነሣ ይታገላል። ዱም። ዱም። ዱም።

«አልጠፋም!» አልሁ። ድምፄ ወጣ፤ እግዜር ይመስገን ወጣ። «እሱ አይጠፋም! መርፌ አለባት! አንጓች፣ መርፌዋ!»

ስሮጥ ሰባ ዓመቴን አላስታወስሁም። በዚያ ደብዛዛ ብርሃን ደጃፉ ላይ አየኋት። አንድ እግሯን ወደ ውስጥ አስገብታለች። ግን ቆማለች። እኔ ጮኼ አይደለም የቆመችው፤ ከዚያ በፊት ነው የቆመችው። መዳፏን አንገቷ ላይ፣ ሦስተኛው ቀለበት ላይ ጭና፣ ዐይኗን አፍጥጣ።

«አበጋዜ» አለችኝ። «ተንቀሳቀሰች።»

በክንዴ አቅፌ ወደ ኋላ አሽቀነጠርኋት። አስተናጋጇ ላይ ወደቀች። እሷን ስወረውር እኔ ወደ ውስጥ ገባሁ። ልጆቼ፣ አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ከማግኔት ጋር ኖሬያለሁ፤ ያን ጊዜ ኪሴ ውስጥ ምን እንዳለ ማን ያስታውስ? ኪሴ ፊት ፊቴ ብድግ አለ፤ ጌታውን እንዳሸተተ ውሻ። ፒንሳው ጨርቁን ቀድዶ ወጣና ጧ! አለ። ካቻቢቴው ተከተለው። ከዚያ ካፖርቱ እኔን ይዞ ሄደ። በደረቴ ማሽኑ ላይ ተለጠፍሁ፤ ልክ እንደዚያ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለው ሽማግሌ።

ባለሙያው ባትሪ እያበራ መጣ። «አባባ! ምን ይዘው ነው የገቡት?»

«እስቲ መጀመሪያ አላቅቀኝ፣ ቀጥሎ ትሰድበኛለህ» አልሁት።

ካፖርቱ አልላቀቅ ሲል ከውስጡ እንደ እባብ ተንሸራትቼ ወጣሁ። በሸሚዜ ሆኜ ዘወር ስል አየሁት። ግራጫ ካፖርት፣ ሰው የሌለበት፣ እጅጌዎቹን ዘርግቶ፣ አንገትጌውን ወደ እኔ ቀና አድርጎ። የት እንዳየሁት ያኔ ገባኝ። ሦስት ሰው ጎትቶ አቃተው፤ ኢንጂነር ሰይፈዲን ይጠራ ብለው ትተውት ወጡ። ይሄን ስነግራችሁም እዚያው ነው ያለው።

አንጓች ወለሉ ላይ እንደ ተቀመጠች ሳቅ ያዛት። ወገቧን ይዛ፣ እንባዋ እየፈሰሰ።

«ሰዎች፣ እዩልኝ! መርፌው ያለብኝ እኔ፣ የተሰፋው እሱ!»

ኮሪደሩ ሁሉ አብሯት ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሳቁ ከመሃላችን አልወጣም አልሁ በሆዴ። ስቃ ስትጨርስ ግን፣ ቤት እስክንገባም ድረስ፣ መዳፏን ከአንገቷ ላይ አላነሣችም።